ዳገት የማታውቀው ሚኒባስ

ግሬትዚል አጠገብ፣ ጁን 3 ቀን 1998

እህቴ ጌሳ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ተራራው፣ ላሞቹ፣ ያ ነዝናዛ አሠሪሽ የማረፊያ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። አባባም ይበላል፣ ይተኛል፣ ከጎረቤት ድመት ጋር ይጣላል። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። እጄ በቀለም ተለውሶ ብዕር መያዝ አቅቶኝ ነበር።

«ያቺን ሚኒባስ ለብረት ሰብሳቢ ሸጥሽልኝ ወይስ አሁንም ጎተራ ውስጥ ታቅፈሻታል?» ላልሽው፣ አልሸጥኳትም። እንዲያውም አረንጓዴ ቀባኋት። መጋረጃዋን ቀየርኩ፣ አልጋዋን አዲስ ጨርቅ አለበስኩት፣ ምድጃዋን በሆምጣጤ ፈተግኩት። አብዳለች ብለሽ እንዳትደነግጪ። ባለፈው ሳምንት ጋዜጣ ላይ ያነበብኩትን ልንገርሽ፤ «አልጋና ምድጃ ያላት፣ ለሁለት ሰው የምትሆን፣ ሞተሯ የሚታመን ያገለገለች ሚኒባስ እንፈልጋለን። ለተራራ ጉዞ።» ከሥሩ የተጻፈው ስም ሃቦ ነው። አዎ፣ ያው ሃቦ። የመኪና መሸጫ ግቢውን ዘግቶ ጡረታ ወጥቷል። አሁን ደግሞ በተራው ገዢ ሆኗል።

ጌሳ፣ ስሙን ደግሜ አነበብኩት። ስምንት ዓመት የያዝኩት ቂም በአንድ ጊዜ ተቀሰቀሰ። አንቺ ያን ጊዜ ለትምህርት ርቀሽ ስለነበር ሁሉንም አላየሽም። እማማ ዕድሜ ልኳን ጠረጴዛ በመሰለ መሬት ላይ ኖራ አንድ ጊዜ ተራራ ማየት አማራት። አባባም ይቺን ሚኒባስ ከሃቦ ገዛላት። እንደ አገሬው ሰው ሁሉ የባሕሩን ግድብ ተከትሎ ወዲያና ወዲህ ነድቶ ሞከራት። እዚህ ሌላ ምን መሞከሪያ አለ? ከድልድይ በቀር ሽቅብ የሚባል ነገር የለንም። ካስል ከተማ አጠገብ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ሞተሯ ፈላና ቀጥ ብላ ቀረች። እማማ በጎታች መኪና ተመለሰች፤ በዚያው ክረምት ሞተች። ተራራ አላየችም።

ሃቦ ያኔ ለአባባ ያለውን ታውቂዋለሽ። «ቬርት፣ ዘይቱን ሳታይ በደረቁ ነድተህ ሞተሩን ገደልከው።» የካስሉ መካኒክ የሞተሩ ስንጥቅ የቆየ ነው፣ ራዲያተሩ ውስጥም ስንጥቅ ለጊዜው የሚደፍን ሊጥ ተጨምሮበታል ብሎ ነግሮን ነበር። አባባ ግን የማያውቀውን መካኒክ ትቶ መዘምራን ውስጥ አብሮት የሚቆመውን፣ እጁን ጨብጦ የሸጠለትን ሰው አመነ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልነካም፣ አልዘመረም። ትናንት እንኳ ሾርባውን እየጠጣ «ዘይቱን ማየት ነበረብኝ» አለኝ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። 

ስለዚህ ለሃቦ በባሌ ስም ጻፍኩለት፤ አባባ እኔ ቤት የገባው ከእማማ ሞት በኋላ ስለሆነ ሃቦ ቤቱንም እኔንም አያውቅም። ዘይቷን አስቀይሬያታለሁ፣ ያንኑ ሊጥ ጨምሬባታለሁ፤ በሜዳ ላይ ምንም አይላትም። የገዛ ዕቃውን መልሼ እሸጥለታለሁ፤ የእጁን ያግኝ። ለአባባ ምንም አልነገርኩትም። አንቺም እንዳትጽፊለት።

እህትሽ ፌና


ቲሮል፣ ጁን 11 ቀን 1998

እትዬ ፌና፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ከዱቄቱና ከቢራው ጋር በዕቃ ማመላለሻው ገመድ ተሰቅሎ ደረሰኝ፣ ፖስት ካርድሽም በማግስቱ። ለአባባ ልደት ሳልመጣ ስለቀረሁ አሁንም አፍራለሁ። ይተኛል ብለሽ ጽፈሻል፤ እንቅልፍ ይወስደዋል ወይ ብዬ ነበር የጠየቅኩሽ።

በፖስት ካርዱ «ስንት ልበለው?» ብለሽኛል። እባክሽ ርካሽ እንዳትዪ! ርካሽ ካልሽው ምን ጉድ አላት ብሎ አጎንብሶ ከሥሯ ያያል። ስምንት ሺህ አምስት መቶ ማርክ በዪው፤ ከአባባ የተቀበለው ይኸው ነው። የዚያ ዕድሜ መኪና ስድስት ሺህ ቢያወጣ ነው። ያኔ ዋጋ ላስቀንስ ብሎ ሲከራከር ሞተሩን ይረሳዋል። እዚህ ማረፊያ ቤት ሲገበያዩ በየቀኑ አያለሁ፤ ሰው ኪሱን ሲጠብቅ ዓይኑ ከዕቃው ላይ ይነሳል። ደግሞ ከመምጣቱ በፊት ነድተሽ አሙቂያት። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ነጭ ጭስ ይተፋና ጉዱ ይወጣል። ሃቦ ለአባባም አሙቋት ነው ያቀረበለት።

እስቲ ላስቅሽ። ለማረፊያ ቤቱ ባለቤት በእኛ ወግ ሻይ ቀዳሁለት፤ ድንጋይ የመሰለው ስኳር ሻዩ ሲፈስበት ሲንጣጣ፣ ክሬሙ ሲንሳፈፍ ደስ አለው። ሦስት ስኒ ሳይጠጡ መነሳት ስድብ እንደሆነ ነግሬዋለሁ። ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ካላስገባ መቅዳት እንደማናቆም ግን መንገሩን ረሳሁት። ጠጣ፣ ቀዳሁ፣ ጠጣ፣ ቀዳሁ። ስምንተኛው ላይ በላብ ተጠምቆ «ምን አጠፋሁ? ቅጣት ነው እንዴ?» አለኝ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። «ለሁለት ሰው» ይላል ማስታወቂያው። ሁለተኛው ሰው ማን ነው?

ጌሳሽ


ግሬትዚል አጠገብ፣ ጁን 22 ቀን 1998

እህት ዓለም፣

በስኒው ወሬ ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅኩ። አባባ ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቀኝና ስነግረው እሱም ፈገግ አለ። እንቅልፉን ጠይቀሽኛል፤ አሁን ስለ ሃቦ ልንገርሽ።

ሁለተኛው ሰው ሚስቱ ናት። አልሙት ትባላለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ያን ቀን አልመጣችም። ሃቦ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ብቻውን መጣ። አባባን ጸጉር አስተካካይ ቤት ሰድጄ፣ ሚኒባሷን ግማሽ ሰዓት ያህል ነድቼ አሙቄ ጠበቅኩት። ወፍሯል። ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ በሯን ከፍቶ ዘጋ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ። አላወቃትም። ስንቱን ሸጦ ስንቷን ያስታውስ!

«ወይዘሮ» አለኝ፣ «ሠላሳ ዓመት መኪና ሸጫለሁ። እኔን የሚያታልል ሞተር ገና አልተሠራም።»

«እንግዲያማ እኔ ምን እላለሁ፤ የማውቀው ቀለሟን ነው» አልኩት። ደስ አለው። እንደኔ ያለች ሴት ነበር የሚፈልገው።

ግድቡን ተከትለን ነዳት፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ስሚ እስቲ፣ ኮሽ አይልም!» ይላል። «ዳገት ላይስ?» ብዬ እኔው ጠየቅኩት። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ምናልባት እንዲነቃ ፈልጌ ይሆናል።

«በሜዳ እንዲህ ከሄደች ለዳገቱ አታስቢ» አለኝ። ጌሳ፣ ለአባባ የነገረው ቃል በቃል ይኸው ነበር! መሪውን ነጥቄ ከነነፍሱ ባሕር ብከተው በወደድኩ።

ከዚያ አንቺ እንዳልሽው ሆነ። ስምንት ሺህ አምስት መቶ ስለው ሳቀ፣ ተቆጣ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ስለ ጎማው ተከራከረ፣ ስለ መጋረጃው ተከራከረ፣ ስለ ምድጃው ተከራከረ። ሞተሩን ከፍቶ ግን አላየም። ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ላይ ቆረጥን። የባለቤትነት ወረቀቷን ሲጠይቀኝ «ባሌ ጋ ነው፤ ስንጨባበጥ ይደርስዎታል» አልኩት። እጅ አልተጨባበጥንም፤ መጀመሪያ ሚስቴ ትያት አለ። ጁላይ አራት ቅዳሜ ይዟት ለሻይ ይመጣል። በሴፕቴምበር ወደ ቲሮል፣ ወደ አንቺ ሰፈር ሊወጡ ነው።

«ለሚስቲቱ አታዝኚም?» ብለሽ በመጨረሻው ካርድሽ ጽፈሻል። አላዝንም። ለእማማ ማን አዘነላት?

ፌና


ቲሮል፣ ጁን 28 ቀን 1998

እትዬ፣

ይቅር በይኝ፣ ደስታሽን ላበላሽብሽ ነው። አትሽጪለት።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ከማረፊያው በታች ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ በየሳምንቱ አንድ አሮጌ መኪና ፈልቶ ይቆማል። ባለፈው ሐሙስ ውኃ ይዤ ወረድኩ። ባልየው ሞተሩን ይሰድባል። ሚስቱ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ከመንገዱ ዳር ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች፤ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እሷ ያጠፋች ይመስል «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ትላለች። እማማን አየኋት። ውኃውን ለባልየው ሰጥቼ ዞር አልኩ፤ ፊቷን ማየት አቃተኝ። ሃቦ ቢቃጠል ግድ የለኝም። አልሙትን ግን በዚያ ድንጋይ ላይ ላገኛት አልፈልግም።

ደግሞም ልንገርሽ፣ ብድርሽ አንሶብኛል። ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ይከስራል፤ ከዚያ? ይሳደባል፣ ለሌላ ሞኝ መልሶ ይሸጣታል፣ ይረሳዋል። አባባም ሾርባው ላይ «ዘይቱን ማየት ነበረብኝ» ማለቱን ይቀጥላል። እኛ የምንፈልገው የሃቦን ገንዘብ አይደለም፤ አፉን ነው። አውቅ ነበር እንዲል። አባባ ፊት፣ ሚስቱ ፊት።

እንዲህ አድርጊ። ለሻይ ይቀመጡ። አባባን አስገቢው። ከዚያ «ይቺ ለቬርት የሸጡለት ናት» በዪው። ያኔ የተናገረው እውነት ከነበረ፣ ጥፋቱ የዘይት ብቻ ከነበረ፣ አሁን ዘይቷ ሙሉ ስለሆነ ምን ያስፈራዋል? ይግዛት! አልገዛም ካለ ግን ለምን እንደሆነ ይናገራል። ሦስተኛው ስኒ ሳይቀዳ ደግሞ የትም አይሄድም።

የአባባ ልብ አይችለውም ትዪኛለሽ። ስምንት ዓመት የቻለውስ?

ጌሳ


ግሬትዚል አጠገብ፣ ጁላይ 5 ቀን 1998

ጌሳ፣

አልሸጥኳትም። መጀመሪያ ይህን ልንገርሽና ትንፋሽሽን መልሺ።

እውነቱን ለመናገር ደብዳቤሽን አንብቤ ወርውሬው ነበር። ተራራ ላይ ተቀምጣ ታዘኛለች ብዬ ተናደድኩ። እነሱ በር ላይ እስኪደርሱ ድረስ ልሸጥለት ነበር የቆረጥኩት። አልሙት ግን በቆርቆሮ ኬክ ይዛ እያነከሰች ገባች። ሚኒባሷን ወጥታ ሳታይ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አልጋው አጠገብ መስኮት አላት ወይ? ጉልበቴ እንቢ ካለኝ ተኝቼም ቢሆን ተራራውን እንዳይ» ብላ ነው። በዚህ ተሸነፍኩ። ሻዩን አፈላሁ።

አባባን «የድሮ ሰው ይመጣል» ብዬ ብቻ ነበር ጓዳ ያስቀመጥኩት። ሁለተኛውን ስኒ እንደቀዳሁ ጠራሁት። ሃቦን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ሃቦ! አንተ ነህ?»

ሃቦ ስኒውን ማስቀመጫው ላይ መልሶ አኖረ። አባባን አየ፣ እኔን አየ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ገባው።

«አባባ» አልኩ፣ «አቶ ሃቦ ሚኒባሷን ሊገዟት ነው።»

«የትኛዋን?»

«ያቺኑ። ለእማማ የገዛሃትን። ቀለሟ ነው እንጂ ያቺው ናት።»

የሃቦ ፊት የግድግዳ ኖራ መሰለ። በሩን አየ። ግን ሁለተኛው ስኒ ነው፤ በዚህ አገር በሁለተኛው ስኒ የሚነሳ ሰው ስሙ ከእሱ ቀድሞ ሰፈሩ ይደርሳል። እኔ ከዚህ በኋላ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። አባባ ቀደመኝ።

«ደግ አደረግህ!» አለው፣ እጁን በሁለት እጁ ይዞ። «ሞተሯ ደህና ነበር፤ የበደልኳት እኔ ነኝ። ዘይቷን ሳላይ ዳገት አስወጣኋት። አሁን ፌና ሞልታላታለች። ያንተ ዓይነት አዋቂ እጅ ብትገባ ነፍሴ ታርፋለች። ውሰዳት ወንድሜ።»

ጌሳ፣ ያን ጊዜ ሃቦን በሻይ ማፍያው ልለው ምንም አልቀረኝም። ያን ሁሉ ሰምቶ ምን ያደረገ ይመስልሻል? እጁን ከአባባ አላቆ ወደኔ ዘረጋ። «በይ እንግዲህ ወይዘሮ፣ ዋጋውም ደህና ነው። እንጨባበጥና እንሂድ።» ከፍሎ ዝም ሊል ነው! እኔ እጄን ማፍያው ላይ አደረግኩ።

«ሦስተኛው አልተቀዳም» አልኩት። ቀዳሁለት።

አልሙት ስኒዋን አስቀመጠች።

«ሃቦ፣ ለእኚህ ሰውዬ የሸጥክላቸው አንተ ነህ?»

«ስንቱን ሸጫለሁ፣ አልሙት።»

«እንግዲያው ታውቃታለህ። እኔን ይዛ ተራራ ትወጣለች?»

ሃቦ እጁን ወደ ስኒው ሰደደ።

«አንተን እኮ ነው! እኔን አስቀምጠህ ትወጣባታለህ?»

ሦስተኛውን ጭልጥ አድርጎ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ጣለ። «ተነሺ እንሂድ።»

«ጉልበቴን አሞኛል» አለች። «መልስልኝና እነሳለሁ።»

«አትወጣም» አለ፣ ጠረጴዛውን እያየ።

«ለምን?» አለ አባባ። እውነት ግራ ገብቶት ነው። «ዘይት እኮ ሞልታለች።»

«የዘይት ጉዳይ አይደለም፣ ቬርት። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ የተሰነጠቀ ነው። ስሸጥልህም የተሰነጠቀ ነበር። አውቅ ነበር።»

ስምንት ዓመት የጠበቅኩትን ቃል ሰማሁ። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ነበር። አባባን ሳየው ግን አልጠጣም። ወንበር ስቦ ከሃቦ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከዚያ «ኦካ ጎታቹ መኪና ውስጥ ጠይቃኝ ነበር» አለ፣ እማማን በስሟ ጠርቶ። «ቬርት፣ ዘይቱን ረሳኸው እንዴ አለችኝ። ያን ጊዜ አላውቅም አልኳት። አንተ ከነገርከኝ በኋላ ግን አልጋዋ ላይ ሳለች አዎ፣ ረስቼው ነው አልኳት። እሱን ይዛ ሞተች።»

ሃቦ ሊነሳ ወንበሩን ገፋ። አባባ እጁን ዘረጋና ከሃቦ ስኒ ውስጥ ማንኪያውን አወጣ። በጨርቅ ጠረገው። ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ፌና፣ ቅጂለት» አለኝ።

ቀዳሁለት። አባባ ስለ እማማ ይነግረው ጀመር። የተራራ ሥዕል ያለበትን የቀን መቁጠሪያ ዓመቱ አልፎም ከግድግዳ አላወርድም ስትለው እንዴት እንደተጣላት፤ ለዚያ ጉዞ ያሰራችው ጫማ ተራራ ሳይረግጥ እንዴት እንደቀረ፤ በመጨረሻው ሳምንት «ካስል እንኳ ኮረብታ አለው፣ አይቼዋለሁ» እያለች እሱን እንዴት ታጽናናው እንደነበር። ስኒው ጎደል ሲል እኔን ያየኛል፤ እቀዳለሁ። ሃቦ እጁን ስኒው ላይ ሊጋርድ ሲሞክር አልሙት «ጠጣ» አለችው፣ ኬኳን እየቆረሰች። ጠጣ። ዘጠነኛው ላይ ፊቱ ረጥቦ ነበር፤ ላብ ይሁን እንባ አላወቅኩም፣ ማወቅም አልፈለግኩም። እንደ ማረፊያ ቤትሽ ባለቤት «ቅጣት ነው እንዴ?» ብሎ አልጠየቀም። ያውቀዋል።

እንቅልፉን ጠይቀሽኝ ነበር። እስከ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ በኮሪደሩ ሲመላለስ ነበር የሚነጋለት፤ እንዳትሳቀቂ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ዛሬ ቁርሱ ቀርቦም አልነቃም።

ፌና


ግሬትዚል አጠገብ፣ ጁላይ 19 ቀን 1998

ልጄ ጌሳ፣

እንደምን ነሽ? ጽሕፈቴ እንደ ዶሮ ጭረት ስለሆነ ታገሺኝ። ስምንት ዓመት አንድም ቀን በእጄ ስላልጻፍኩልሽ አዝናለሁ።

ለፌና የላክሽውን አነበበችልኝ። «አባባ ሃቦን ይቅር ብሎታል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አላልኩትም። እንቅልፌ ደግሞ ጥሩ ነው። ፓስተሩ ጠርቶኝ ስለ ምሕረት ብዙ ነገረኝ፤ ሰማሁት፣ አመሰገንኩት፣ ወደ መዘምራኑም ተመለስኩ። ሃቦ ከፊት ይቆማል፣ እኔ ከኋላው ቆሜ ማጅራቱ ላይ እዘምራለሁ። ድምፄ አልሞተም።

ሚኒባሷ ምን ሆነች ላልሽው፣ ትናንት ራሴ ነድቼ ወሰድኳትና ከሃቦ በር ፊት ለፊት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር አቆምኳት። መስኮቷ ላይ «የምትሸጥ። ስለ ሞተሯ ሃቦን ጠይቁ» ብላ ፌና በትልልቁ ጽፋለች። ሃቦ በመጋረጃው ሲያጮልቅ አየሁት። አልሙት ወጥታ አነበበችው። ፀሐዩ እንዳያደበዝዘው ብላ ወረቀቱን ወደ ጥላው ወገን አዛወረችው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሩን እያንኳኳ ስለ ሞተሯ ጠየቀው።

ወደ አንቺ በሴፕቴምበር በባቡር እንመጣለን፤ እኔ፣ ፌና፣ አልሙትም ትኬት ቆርጣለች። ሃቦ አልቆረጠም። የእናትሽን ጫማ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ልክሽ ነው።

አሁን የምነግርሽን ግን ለፌናም ገና አልነገርኳትም። ትናንት ሚኒባሷን ከማስነሳቴ በፊት የዘይቱን መለኪያ ብረት መዘዝኩ። በጨርቅ ጠረግኩት፣ መልሼ ከተትኩት፣ አወጣሁት፣ ወደ ብርሃኑ አነሳሁት። እንዲህ ሳደርግ እጄ ቆመ። ያን ጊዜም አድርጌው ነበር፣ ጌሳ። ከቤት ስንነሳ ጠዋት፣ እናትሽ ጫማዋን ስታስር፣ ልክ እንዲህ ቆሜ ነበር። ሃቦ ረስተሃል ሲለኝ ጊዜ ማየቴን ረሳሁት እንጂ ዘይቱንስ አልረሳሁትም።

ቀጥ ብዬ መቃብሯ ሄድኩ። አበባ መያዝ አልታሰበኝም፤ ጨርቁ እጄ ላይ ነበር። «ኦካ» አልኳት፣ «አይቼው ነበር። ዘይቱ ሙሉ ነበር።»

አባትሽ ቬርት